ከአዋሽ ሙቀት እስከ ቁልቢ ጉም፦ መኪና ሲያልበው ምን ይናገራል?

ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ አራት ዓይነት አየር ያሳያል። ማለዳ ከአዲስ አበባ ሲነሡ ብርድ ነው፤ መተሐራና አዋሽ ሲደርሱ ሙቀት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጨርጨርን ተራሮች ሲወጡ ዝናብና ጉም ነው፤ ማታ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ደግሞ እንደገና ሙቀት ነው። በተለይም የሐምሌው ቁልቢ ገብርኤል በሚከበርበት ሰሞን፥ ልጆቿን ከኋላ ወንበር፥ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ከዕቃ መጫኛው አድርጋ በዚህ መንገድ የምትጓዝ እናት ጥቂት አይደለችም።

አየሩ እንዲህ ሲለዋወጥ መኪና ያልበዋል። መስታወቱ ከውስጥ ይደበዝዛል፤ ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል፤ አንዳንድ ጊዜም ምንጣፉ ይርሳል። ሁሉም ውኃ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ አንድ አይደለም። አንዱ ከትንፋሻችን ይመጣል፤ ሌላው ደኅና ከሚሠራ ማቀዝቀዣ ይወርዳል፤ ሌላው ደግሞ ከተደፈነ ቱቦ ወይም ከተቀደደ ራዲያተር ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው፥ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሕይወትን፥ በጋራዥ ውስጥ ደግሞ የዓመት ቁጠባን ሊያስከፍል ይችላል። በዛሬው አምዳችን ሐምሌ 17 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተን ያደረግነውን ጉዞ እየተረክን፥ መኪና ሲያልበው የሚናገረውን ነገር እንመለከታለን።

የአክንባሎው ላብ

ተጓዦቹ አምስት ነበርን። የመኪናዋ ባለቤት የሥራ ባልደረባችን ስትሆን፥ በዕቁብና በብድር የገዛቻትን አሮጌ ኮሮላ ለሥራ በየሳምንቱ ወደ አዳማ ትመላለስባታለች። እናቷ ጋቢና፥ እኛ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ከኋላ ተቀምጠናል። ትንሿ ልጅ አስም አለባት።

ከመነሣታችን በፊት ባልደረባችን ስለ መኪናዋ ያላትን ሥጋት አልሸሸገችም። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በመኪናዋ ውስጥ የረጠበ ጆንያ የመሰለ ሽታ አለ። የጋቢናው ምንጣፍ ደግሞ አንዳንድ ቀን እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ያሳየችው አንድ ጋራዥ «የማሞቂያዋ ራዲያተር ፈስሳለች፤ ዳሽቦርዱ ተፈቶ መለወጥ አለባት» ብሏታል። የጠየቃት ዋጋ ለመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠችው ገንዘብ ይበልጣል። ከቁልቢ መልስ ልታሠራት ወስናለች።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በዝናብ ተነሣን። ቃሊቲ ሳንደርስ የፊት መስታወቱ ወተት የተቀባ መሰለ። ልጆቹ በጎን መስታወት ላይ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉ ጀመር። ባልደረባችን በሶፍት ብትጠርገውም፥ ከፊት የሚመጣ የከባድ መኪና መብራት ባረፈበት ቁጥር የጠረገችበት መስመር እየጎላ መንገዱን ሁሉ ሸፈነው።

«አክንባሎ ነው እኮ» አሉ አያት ከጋቢና። «ምጣዱ ሲግል አክንባሎው ውስጡን ያልበው የለም?»

ልክ ነበሩ። ከሊጡ የወጣው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለው አክንባሎ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ማለዳ በሣር ላይ የምናየው ጤዛም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሞቅ ያለ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን ሸክሙን ያራግፋል። በመኪና ውስጥ እንፋሎቱ የእኛው ትንፋሽ፥ አክንባሎው ደግሞ ዝናብ ያቀዘቀዘው መስታወት ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ እንኳ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ውኃ ያወጣል። በዚህ ላይ የረጠበ ጃንጥላ፥ የራሰ ጋቢና በጭቃ የተለወሰ ጫማ ሲጨመር የመኪናዋ አየር በቶሎ መሙላቱ አያስደንቅም።

ነገር ግን ሁሉም መኪና እንዲህ አይጨልምም። ምክንያቱን ስንፈልግ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየን። የመኪና ሥዕል ሆና በውስጧ ክብ የሚዞር ቀስት አለባት። ይህች ቁልፍ ስትበራ የውጭው አየር ይዘጋና የውስጡ አየር ብቻ እየዞረ ይመላለሳል። ባልደረባችን የከባድ መኪናዎችን ጭስ ሸሽታ አብርታት ነበር፤ ስለዚህም አምስታችን የተነፈስነውን መልሰን እንተነፍስ ነበር ማለት ነው። ቁልፏ ጠፋች፤ አየሩ ወደ ፊት መስታወት ተመለሰ፤ ሙቀቱ ከፍ አለ፤ አንድ የጎን መስታወትም በጣት ስፋት ተከፈተ። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ መንገዱ ታየ። ጭስና አቧራ ሲያጋጥም አየሩን መዝጋት ተገቢ ነው፤ ካለፉት በኋላ መክፈትን መርሳት ግን የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል።

ከመኪና ሥር የወረደው ውኃ

85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የፍጥነት መንገድ ጨርሰን አዳማን፥ ከዚያም ወለንጭቲን አለፍን። ፈንታሌ ተራራ ከሩቅ ታየ። በመተሐራ አጠገብ በየጊዜው እየሰፋ መንገዱን ሲያስቸግር የኖረው የበሰቃ ሐይቅ በጎናችን ተዘረጋ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ሹራቦቹ ተወለቁ፤ ማቀዝቀዣው ተከፈተ። በዚያው ቅጽበት የረጠበው ጆንያ ሽታ ከአየር ማስገቢያው ወጣ። ትንሿ ልጅ ሁለት ጊዜ ሳለች።

አዋሽ ላይ ለምሳ ቆምን። ከምግብ ቤቱ ፊት መኪናዎች በጥላው ተደርድረዋል፤ ከአብዛኞቹም ሥር ውኃ እየተንጠባጠበ መሬቱን አርሶታል። አንድ ልጅ ከአጠገባችን ለቆመ ሹፌር፥ «ጋሼ፥ ራዲያተርዎ ይፈሳል!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ሣቀና፥ «አይዞህ፥ የኤሲ ውኃ ነው» አለው።

ልጁም ሆነ ሹፌሩ የተናገሩት ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከዳሽቦርዱ ጀርባ፥ አብዛኛውን ጊዜ በጋቢናው ተሳፋሪ በኩል፥ ኤቫፖሬተር የሚባል ትንሽ ራዲያተር የመሰለ ነገር አለው። ይህ ዕቃ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የሚያልፍበት አየር እርጥበቱን ይተውበታል። በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ እንስራ ወይም ጠርሙስ በውጭ በኩል እንደሚያልበው መሆኑ ነው። ያ ላብ ተጠራቅሞ በአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ በኩል ከመኪናው ወለል በታች ይፈሳል። እንግዲህ ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር ማቀዝቀዣው ከቆየ በኋላ ከሥሩ ንጹሕ ውኃ መንጠባጠቡ የጤንነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም።

አያት ግን ወደ ሌላ ነገር አመለከቱ። «የሁሉም ሲያልበው የኛዋ ለምን ደረቀች?»

ጎንበስ ብለን አየን፤ ከኮሮላዋ ሥር አንዲት ጠብታ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማቀዝቀዣ ሲሠራ የነበረ መኪና፥ ጎረቤቶቹ ሁሉ እያንጠባጠቡ እሱ ከደረቀ ውኃው የት ሄደ? የጋቢናውን ላስቲክ ስናነሣ መልሱ ከሥሩ ተገኘ፤ ምንጣፉ ሲጫን ውኃ ያወጣ ነበር።

«ይኸውልሽ ልጄ፤ ሽታውም የሚብሰው ሁልጊዜ ከአዳማ በተመለስሽ ማግሥት ነው» አሉ አያት። «አዲስ አበባ ስትውይ እኮ ምንም የለውም።»

ይህ ንግግር ጋራዡ ያልጠየቀውን ጥያቄ መለሰ። ባልደረባችን ማቀዝቀዣውን የምትከፍተው አዳማ ስትወርድ ብቻ ነው። የማሞቂያዋ ራዲያተር ብትፈስ ኖሮ ማቀዝቀዣ ተከፈተም አልተከፈተም፥ አዲስ አበባም ሆነ አዳማ ውኃው በታየ ነበር። በተጨማሪም በሞተሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ መጠኗ ይቀንስ ነበር። አየናት፤ ማለዳ ከነበረችበት ምልክት አልወረደችም። ይህን ለማየት ክዳን መክፈት አያስፈልግም፤ በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅን የሚያቃጥል አደጋ ነውና ፈጽሞ አይደረግም።

ሦስተኛውን ምርመራ በነጭ ሶፍት አደረግነው። ሶፍቱን ከምንጣፉ ላይ ተጭነን አነሣነው። ውኃው ቀለም የለውም፤ በጣት ሲታሽ አያሟልጭም፤ የሚጣፍጥ ዓይነት ሽታም የለውም። የራዲያተር ኩላንት ቢሆን አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ይታይበት፥ ያሟልጭም ነበር፤ ማሞቂያው ሲከፈትም መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ይቀመጥ ነበር። እርግጥ በኩላንት ፋንታ ተራ ውኃ በራዲያተራቸው የሚሞሉ ብዙዎች ስለሆኑ፥ ቀለምና ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የማጠራቀሚያዋን መጠንና ውኃው የሚመጣበትን ጊዜ አብሮ ማየት ያሻል።

ከምግብ ቤቱ ማዶ የነበረው ጎሚስታ ነገሩን ሰምቶ መጣ። «ሞተሩን ያጥፉት እትዬ» አለና እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፥ በሞተሩ ጀርባ የቱቦዋን ጫፍ ፈልጎ አገኘ። በደረቀ ጭቃና በቅጠል ፍርፋሪ ተደፍናለች። ስለታም ሽቦ አላስገባም፤ ቱቦዋን ወይም ኤቫፖሬተሩን ሊበሳ ይችላልና። በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ እያለ ጠረገና በመጨረሻ ጥቂት አየር ነፋበት። ብርቱ አየር ቱቦዋን ከመያዣዋ ሊያላቅቅ እንደሚችልም ነገረን። ወዲያው ከአንድ ጆግ የማያንስ ቡናማ ውኃ ግር ብሎ ወረደ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዳሽቦርድ ሳይፈታ፥ ዕቃ ሳይለወጥ፥ የትምህርት ቤቱ ገንዘብም ሳይነካ ነገሩ አለቀ።

ምሳችንን እስክንበላ የመኪናዋ በሮች ተከፍተው፥ ላስቲኮቹ በአዋሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ቆዩ።

በጨርጨር ጉም ውስጥ

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይዞራል። አሰበ ተፈሪን ስናልፍ በተራራው ገደል ላይ በእርከን የተዘራው ማሽላና ጫት አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ሂርና ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ከዚያ በላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። በአንድ በኩል ገደል፥ በሌላ በኩል ተራራ፥ ከፊት ደግሞ መብራታቸውን ያበሩ አውቶቡሶችና ከእግረኛ ምእመናን ጋር የሚጋፉ መኪናዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ድብዘዛ አለ፤ መለያው ጣት ነው። መስታወቱን ከውስጥ በጣት ሲነኩት መስመር ከወጣ ጤዛው የውስጥ ነው። ጣቱ ምንም ካላወጣ የውጭ ነው፤ በዝናብ መጥረጊያው ይሄዳል። የእኛው የውስጥ ነበር፤ በምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀምና። የአዋሹ ጆግ ሙሉ ውኃም ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ምን ልናይ እንደምንችል መገመት አያስቸግርም።

ባልደረባችን በብርዱ ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። «በዚህ ብርድ?» አሉ አያት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። እሷ ግን ማቀዝቀዣውንም ማሞቂያውንም በአንድ ጊዜ ነበር የከፈተችው። አየሩ በመጀመሪያ በኤቫፖሬተሩ ሲያልፍ እርጥበቱን ይጥላል፤ ከዚያ በማሞቂያዋ ራዲያተር ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሞቅና ደረቅ ብሎ ከመስታወቱ ላይ ሲያርፍ ጤዛውን ያነሣዋል። ውጤቱ ብርድ ሳይሆን ደረቅ ሙቀት ነው። ከእርጥበቱ የተሰበሰበውም ውኃ አሁን በተጠረገችው ቱቦ ወደ መንገዱ ይወርዳል።

ብዙዎቻችን ይህን ዕቃ የበረሃ መሣሪያ አድርገን ስለምናየው በክረምት አንነካውም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር የዘመናዊውን አየር ማቀዝቀዣ ንድፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ሲያወጣ፥ ሰው ሞቀኝ ስላለው አልነበረም። በብሩክሊን የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ስላስቸገረው ነበር። ዕቃው ሲወለድ አድራቂ ነበር። በፋብሪካ ተገጥሞ ከመኪና ጋር ለገበያ የቀረበው በፓካርድ መኪናዎች ላይ ሲሆን፥ ይኸውም በ1940 ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ጥንቃቄ አለ። መስታወቱ ከጠራ በኋላ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የውጭውን አየር የሚዘጋ ሰው፥ በኤቫፖሬተሩ ላይ የቀረውን ውኃ መልሶ ወደ ፊት መስታወት ይልከዋል። ድንገት የሚጨልመው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የውጭው አየር ክፍት ይሁን።

ቁልቢ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ በዙሪያው ድንኳኑ፥ ጃንጥላውና ሕዝቡ ተጠጋግቷል። ብርዱ የጠናባቸው ቤተሰቦች በመኪና ውስጥ ማደራቸው የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተር አስነሥቶ፥ መስታወት ዘግቶ ለመሞቅ ማሰብ እጅግ አደገኛ መሆኑን እናቶች ሊያውቁት ይገባል። የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ሞተር ጠፍቶ፥ ብርድ ልብስ ተደርቦ፥ መስታወትም በጣት ስፋት ተከፍቶ መተኛት ይሻላል። መስታወቱ ቢያልበው ያልበው፤ ጠዋት በጨርቅ ይጠረጋል።

ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል

በዓሉ ካለፈ በኋላ ከደንገጎ መገንጠያ በግራ ታጥፈን ወደ ድሬዳዋ ወረድን። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። ባቡር ወደዚህች ከተማ የገባው ካሪየር ንድፉን ባወጣበት በዚያው በአውሮፓውያኑ 1902፥ በእኛ 1895 ዓ.ም. ነበር። ከዝናብ በኋላ በነበረው ሞቃት ምሽት በከዚራ ዛፎች ሥር ስናልፍ መስታወቱ እንደገና ደበዘዘ፤ ጣት ግን መስመር አላወጣም። ይህ የውጭ ጤዛ ነበር። ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ መስታወቱን ስለመታው፥ የከተማይቱ እርጥብ አየር በውጭ በኩል ተራገፈበት። የዝናብ መጥረጊያው አንድ ጊዜ ሠርቶ፥ ቀዝቃዛውም አየር ከመስታወቱ ወደ ፊታችን ሲመለስ ጠራ። በቆምንበት ቦታ ከመኪናዋ ሥር አንድ ሁለት እያለ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። አያት አይተው፥ «ተመስገን፥ አላባት» አሉ።

ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ምክሮች

ከዚህ ጉዞ የሚገኘው ትምህርት መኪና ላላት እናት ብቻ ሳይሆን ለመግዛት ለምትቆጥብም ሠራተኛ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ውኃው የተገኘበትን ቦታ ማየት። የጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ከሆነ የማቀዝቀዣው ቱቦ ወይም የማሞቂያዋ ራዲያተር ይጠረጠራል። ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከዕቃ መጫኛው ከሆነ የበር ጎማ፥ በበሩ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ወይም የኋላ መብራት ዙሪያ ይታይ። በባሕር ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ደግሞ ከዝናብ መጥረጊያው ግርጌ ቅጠል እየተከማቸ ውኃውን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ስለሚችል፥ ቅጠሉ በየጊዜው ይጠረግ።

ሁለተኛ፥ ውኃው የሚመጣበትን ጊዜ መመዝገብ። በዝናብ ቀን ብቻ ከሆነ ከውጭ የሚገባ ነው። ማቀዝቀዣ በተከፈተ ቀን ብቻ ከሆነ የቱቦው ነው። ሁልጊዜ ከሆነና የራዲያተሩም ውኃ ከጎደለ የማሞቂያዋ ነው፤ ያን ጊዜ ጋራዡ ትክክል ነውና ሳይዘገይ ይሠራ።

ሦስተኛ፥ ደረቅ አየር ባለበት የበጋ ወራት ማቀዝቀዣ ብዙ ውኃ ስለማያወጣ፥ ከሥሩ ጠብታ አለመታየቱ ብቻውን ተደፈነ አያሰኝም። ምንጣፉ ይዳሰስ፤ መኪናው ሲታጠፍም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ይሰማ እንደሆነ ይደመጥ።

አራተኛ፥ ከመድረስዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ነፋሱን ብቻ ይተዉት። ኤቫፖሬተሩ ደርቆ ስለሚያድር የሻጋታው ሽታ ይቀንሳል፤ አስም ላለበት ልጅም እፎይታ ነው።

አምስተኛ፥ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ስድስተኛ፥ ያገለገለ መኪና የምትገዛ እህት ቀለሙንና ጎማውን ካየች በኋላ ላስቲኩን አንሥታ ምንጣፉን በእጇ ትጫን፤ ታሽትተውም። የረጠበ ምንጣፍ ከሥሩ ወለሉን ያዝገዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦንም ያበላሻል። ሽቶ የበዛበት መኪና ቢያጋጥማት ደግሞ ሽቶው ምን ሊሸፍን እንደተረጨ ትጠይቅ።

ወደ ጋራዥ ስንሄድ «ውኃ አለው» ብቻ ብለን ብንናገር ሌላው ሰው ይወስንልናል። «ማቀዝቀዣ በከፈትኩ ቀን ብቻ፥ በጋቢናው በኩል፥ ቀለም የሌለው ውኃ አገኛለሁ፤ ራዲያተሩ አልጎደለም» ብንል ግን መካኒኩም የሚጀምርበትን ያውቃል፤ ገንዘባችንም ከሚገባው በላይ አይወጣም። ቤቷን ስታስተዳድር የእንጀራውን እንፋሎትና የእንስራውን ላብ ስታይ የኖረች እናት ይህን ለመናገር የሚያስፈልጋትን ዕውቀት ከምጣዱ አጠገብ አግኝታዋለች።